ሙሉ መደርደሪያ፣ ባዶ መሳቢያ

«ሃያ ስድስት ሺህ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ አክስቴ።

ጊዜው ጥቅምት 2003 ዓ.ም ነው። የመሐል ሜዳ የጥቅምት ብርድ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናትና ፀሐይ እንደ ጠለቀች ሰው ሁሉ ባናውን ተከናንቦ ወደ ምድጃው ይሰበሰባል። እኔም ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጌ፣ ሞላሌን አልፌ፣ አቧራ ለብሼ የደረስኩት በዚያው ዕለት ነበር። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ደብተሩ ከፊቴ ተዘረጋ። በሒሳብ ሥራ እንጀራውን የሚበላ የወንድም ልጅ መቼም እንግዳ ሆኖ አይቀመጥም።

አክስቴ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። የአገሩ ሴቶች ከፈተሉት የበግ ፀጉር የተሠራ ባና እየገዙም አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ያስረክባሉ። ያን ጊዜ በሚሠራበት ሕግ «ለ» ከሚባለው የግብር ከፋይ ደረጃ ገብተው ነበር፤ የዓመት ሽያጩ ከ100,000 ብር በላይ ሆኖ 500,000 ያልሞላ ነጋዴ ማለት ነው። የትርፍ ግብሩ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን የተርን ኦቨር ታክሱ ግን በየሦስት ወሩ ይታሰብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 308/1995 ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ከሽያጩ ላይ ከመቶ ሁለት ብር ይጠይቅ ነበር። ሒሳቡ ለሕፃን እንኳ አይከብድም፤ የሦስት ወሩን ሽያጭ መደመር፣ በሁለት ማባዛት፣ ለመቶ ማካፈል ነው።

ሐምሌን፣ ነሐሴን ከነጳጉሜው፣ መስከረምን ደመርኩ። አርባ ሺህ ብር መጣ። ከመቶ ሁለት ሲታሰብ ስምንት መቶ ብር ይሆናል።

«አርባ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አርባ መሆኑንማ መች አጣሁት? እኔ አይደለሁ የሸጥኩት? አንተ ሃያ ስድስት በል። እነሱ እንደሁ ግማሹን ይጨምሩበታል። ያን ጊዜ ልኩ ላይ እንደርሳለን።»

ሳቅሁ። ከዚያ እስኪብርቶዬን አንስቼ አሰላሁት። ሃያ ስድስት ላይ ግማሹ ሲጨመር ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ከመቶ ሁለቱ ሰባት መቶ ሰማንያ ብር። እውነቱ ስምንት መቶ ነበር። የአክስቴ ውሸትና የመሥሪያ ቤቱ ጥርጣሬ ተጋግዘው ከእውነቱ ሃያ ብር ብቻ ጎድሎ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያልተማርኩትን ሒሳብ አንዲት የመንዝ ባለሱቅ ምድጃ ዳር ተቀምጠው አስተማሩኝ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ያን ሌሊት የተወለደ ነው። ሰው የሚገብረው ባለው ልክ ነው ወይስ ባገኘው ልክ? ባገኘው ልክ ከሆነስ፣ ያገኘውን ማን ይናገርለታል? ተናጋሪው እሱ ራሱ ከሆነ ደግሞ፣ አድማጩ እንደማያምነው እያወቀ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት ወይ?

*

አርባ ሺህ ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ዝም ብለው አዩኝና «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉ።

በማግሥቱ ቅጹን ይዘን ሄድን። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሱቁን ለማየት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰላምታ ሰጠ፣ ቡና ቅመስ ሲሉት ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አመሰገነ። ከዚያ መደርደሪያውን አየ። ሳሙናው በካርቶን፣ ስኳሩ በኩንታል፣ ጨው በጆንያ፣ ጥግ ላይ የተቆለለ ባና። «ይሄ ሁሉ ዕቃ ያለው ሰው በሦስት ወር አርባ ሺህ ብቻ ሸጥኩ ቢል ማን ያምናል?» አለ። ስድሳ ሺህ ተባለ። ከመቶ ሁለቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር።

ልጁ ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። መደርደሪያው ሙሉ የሆነው ስላልተሸጠ ነው። አክስቴ መንገዱ በጭቃ ሳይያዝ በሰኔ ዕቃ ያስገባሉ። ክረምት ሲመጣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ አይኖርም፤ ገብሱ ገና ከማሳ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በግ የሸጠ ካልሆነ በቀር በጥሬ ብር የሚገዛ ጥቂት ነው። ከአርባው ሺህ ውስጥ እንኳ አሥራ ሁለቱ ሺህ ብር ዱቤ ነበር፤ ደብተር ላይ እንጂ መሳቢያ ውስጥ የለም። የሞላ መደርደሪያ የተሳካለት ነጋዴ ምልክት ቢመስልም ብዙ ጊዜ ግን ገበያ የራቀው ነጋዴ ምልክት ነው። ሸጦ የጨረሰ ሰው መደርደሪያው ባዶ ነው። በዚያ ልጅ ዓይን ቢታይ ግን ድኻ እሱ ነው።

ከአክስቴ ሱቅ ፊት ለፊት ጥላ ሥር የሚቀመጥ አንድ የበግ ነጋዴ ነበር። ከግሼ እስከ መርሐቤቴ ገበያ ለገበያ ይዞራል። ያለው ንብረት አንድ ዱላ፣ አንድ ጋቢና በደረት ኪሱ የታጠፈ ብር ነው። በአንድ የፋሲካ ሰሞን የሚያገላብጠው ገንዘብ የአክስቴን የዓመት ሽያጭ ሳይበልጥ አይቀርም። ነገር ግን መደርደሪያ የለውም። መደርደሪያ ለሌለው ሰው ምን ብለህ ትገምትለታለህ?

*

ይህ ጭንቅ በአክስቴ ሱቅ የተጀመረ አይደለም። አያቶቻችን ከነበሬያቸው ኖረውበታል።

ዐሥራት ሲባል ከተገኘው እህል ከዐሥር አንዱ ነው። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የሚሻል ፍርድ ከየት ይገኛል? ጥሩ ላመረተ ብዙ፣ በረዶ ለመታው ጥቂት። ግብሩ ከሰማዩ ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። ነገር ግን ከዐሥር አንዱን ለመውሰድ ዐሥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዐሥሩን ለማወቅ ደግሞ ገማች ይመጣል። ገማቹ እስኪመጣ እህሉ ሳይነሳ ይጠብቃል፤ ሲመጣም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ካልተደሰተ አምስቱን ቁና ዐሥር ያደርገዋል። ገበሬውም በተራው የሚደብቀውን ይደብቃል። ፍትሐዊው ግብር ሌባና ፖሊስ አድርጎ አቆማቸው።

በ1937 ዓ.ም የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ይህን በገንዘብ ለወጠው። በሸዋና በሌሎች መሬታቸው በጋሻ በሚቆጠር አገሮች ለም ለተባለው ጋሻ ከነዐሥራቱ ሃምሳ ብር፣ ለለም ጠፍ አርባ፣ ለጠፍ አሥራ አምስት ብር ተቆረጠ። አሁን ገማቹ ማሳ ውስጥ አይገባም። መሬቱ አንድ ጊዜ ከተመደበ በኋላ ምን አመረትክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገበሬው ከዓይን ተገላገለ። ነገር ግን ከምሕረትም ተገላገለ፤ ዓመቱ ቢከፋ፣ ገብሱን ውርጭ ቢያቃጥለው፣ ሃምሳው ሃምሳ ነው። ጋሻ መሬት በረዶ መጣ አልመጣ አያውቅም።

ከዚያም በ1960 ዓ.ም መንግሥት ተመልሶ ወደ ገቢ ዞረ። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀ። በወረቀት ላይ ካየነው ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ብዙ ካገኘ ብዙ፣ ጥቂት ካገኘ ጥቂት እንዲከፈል ያስባል። የጎጃም ገበሬ ግን ጠመንጃውን አነሳ። ለምን ቢባል፣ ገቢውን ለማወቅ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ርስቴ ይለካል፤ ርስቴ ከተለካ ነገ ይወሰዳል ብሎ ነው። የጎጃም ሰው አመፀ የሚባለው በግብሩ መጠን ብቻ አይደለም። የተነሳው ቤቱን ሊመረምር በመጣው ዓይን ላይ ነው። ግብሩም በጎጃም እንደታሰበው ሳይሠራ ቀረ።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እንግሊዞችን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1696 የሰውን ገቢ መጠየቅ ነውር መስሎ ስለታያቸው በቤቱ መስኮት ቁጥር ማስከፈል ጀመሩ። ሀብታም ብዙ መስኮት አለው፤ መስኮት ደግሞ ከመንገድ ላይ ቆሞ መቁጠር ይቻላል፤ ባለቤቱን ቃል መጠየቅ አያስፈልግም። ሰዉ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነው። ያ ግብር እስከ 1851 ድረስ ቆየ። በመሐሉ፣ በ1799፣ በጦርነት ወጪ ተገደው የገቢ ግብር ቢያመጡም ጦርነቱ ሲያበቃ በ1816 ሕዝቡ አስሽሮታል፤ መንግሥት ኪሳችንን አይይ ብሎ። ጨለማ ቤት ውስጥ መቀመጥን ገቢን ከመናገር የመረጠ ሰው በለንደንም ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር እረዳለሁ። በንብረት ላይ የሚጣል ግብር ዓይን ብቻ ይበቃዋል፤ መደርደሪያን፣ ጋሻን፣ መስኮትን ማየት ነው። ደንቆሮ ቢሆንም ማንንም ዋሽ አይልም። በገቢ ላይ የሚጣል ግብር ግን ቃል ይፈልጋል፤ አንዱ ሊናገር፣ ሌላው ሊያምን። ስለዚህ ፍርዱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው መተማመንም ከፍ ይላል። መተማመኑ በሌለበት አገር የገቢ ግብር አዋጅ ማውጣት፣ ስሙ ገቢ ሆኖ ሥራው መደርደሪያ መቁጠር ሆኖ ይቀራል። የአክስቴ ሱቅ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ሕጉ ሽያጭሽ ስንት ነው ይላል፤ ልጁ ግን ሳሙና ይቆጥራል።

*

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ከባዱ ቦታ እሱ ነውና።

እውነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የከፈሉት ግን አክስቴ ናቸው። ሃያ ስድስት ብል ኖሮ ሰባት መቶ ሰማንያ ብር ከፍለው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። እኔ ሕሊናዬን ንጹሕ አድርጌ ወደ አዲስ አበባ እንድመለስ ለተጣራ እውነቴ አራት መቶ ሃያ ብር ጨመሩ። ይህ ገንዘብ ለብዙ ሰው ብዙ አይደለም። በሳሙና ላይ ሳንቲም እየቆጠረ ለሚያተርፍ ሰው ግን የስንት ቀን ቁሞ መዋል ነው። በሰው ኪስ ጻድቅ መሆን ምን ያህል ይቀላል!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሦስት ወር ግብር ግን እስኪያድር አይጠብቅም።

«ታዲያ መዋሸት ተገቢ ነበር ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። በዚያው ሌሊት ይህንንም አስቤዋለሁ። አክስቴ የሚዋሹት ልኩ ላይ ለመድረስ ነው፤ እመሰክራለሁ። ነገር ግን መዋሸት ልክ የለውም። ሃያ ስድስት የሚለው መንገድ ሃያ የሚለውንም፣ አሥር የሚለውንም ያሳልፋል። ያ የበግ ነጋዴ ምንም አይልም። ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ደብተር ያስጽፋል፤ የሚያስጽፈው ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ሰው ነው። በመጨረሻ ቅርጫቱን የሚሸከመው ማነው? መዋሸት የማይችለው ነው። ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ ግብሩ የሚቆረጥበት አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጸሐፊ።

እዚህ ላይ አፈርኩ። ምክንያቱም እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። በሕይወቴ ከግብር ላይ አንዲት ሳንቲም ደብቄ አላውቅም፤ ግን ደብቅ ተብዬ ተጠይቄም አላውቅም። የወር ደመወዜ ተቆርጦ ነው የሚመጣልኝ። ሐቀኝነቴ የተፈተነ አልነበረም። የተፈተነ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ፣ በእሳቸው ደብተር ላይ፣ ያልተፈተነ ሐቀኝነቴን ጻፍኩ። ስለዚህ ሳልዋሽ የቀረሁት ትክክል ይመስለኛል፤ ትክክል በመሆኔ ግን ልኮራበት አልችልም። ይህን ሁለቱን አብሮ መያዝ ከባድ ነው፤ እስከ ዛሬም ይከብደኛል።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር እዚያው መንዝ ውስጥ አለ። ጓሳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያ ሰፊ የሣር አምባ ቤት ለመክደኛ፣ ገመድ ለመግመድ፣ ከብት ለማሰማራት የአገሩ ሕይወት ነበር። በቄሮ ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ በመረጠው አለቃ ሥር ሆኖ ለዓመታት ይዘጋው፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ቀን ቆርጦ በአንድነት ይከፍተው ነበር። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም ከመሬት አዋጁ ጋር እስኪፈርስ ድረስ ለብዙ ትውልድ ኖረ። እዚያም መደበቅ ይቻል ነበር፤ አምባው ሰፊ ነው፣ ሌሊትም አለ። ሕጉ ያቆመው ግን ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ የተጠበቀውም ለማን እንደሚከፈል ሁሉም ማወቁ ነው። የሚለካውና ለኪው አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ አንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ትናንት የከለከለኝ ሣር ነገ ጣሪያዬ ላይ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የአክስቴ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ግን የት ጣሪያ ላይ እንደወጣ እሳቸው አያውቁም። መንገድ ላይ ይሁን፣ ትምህርት ቤት ላይ ይሁን፣ የሚነግራቸው የለም።

*

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም የቀን ገቢ ግምት መጣና ነጋዴው በየከተማው ጮኸ፤ በሐምሌ ወር በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ያኔ በጋዜጣ ሳነብ የዚያ ልጅ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ «ማን ያምናል?» ያለው። በ2017 ዓ.ም የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ የግብር ከፋዩን ደረጃ ወደ ሁለት አውርዶ ወሰኑን ሁለት ሚሊዮን ብር ላይ አድርጎታል። ቁጥሩ ያድጋል፣ ፊደሉ ይቀየራል። ጥያቄው ግን ያው የአክስቴ ምድጃ ዳር ጥያቄ ነው፤ ማን ይናገራል፣ ማንስ ያምናል? ይህን የሚመልስ መሣሪያ ይገኛል ብዬ አልጠብቅም። ደረሰኝ ማተሚያ የተሸጠውን ይመዘግባል፤ ተናጋሪውንና አድማጩን ግን አያስታርቅም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በዚያ ጥቅምት፣ ከመመለሴ በፊት በነበረው ሌሊት አክስቴ ሌላ ደብተር አወጡ። የዱቤ ደብተራቸው ነው። አሥራ ሁለቱ ሺህ ብር በስም በስም ተጽፎበታል። አንድ ሳንቲም ስሕተት የለበትም። አንዲት ሴት ግማሽ ሊትር ላምባ በስንት ቀን እንደወሰዱ፣ ለማን ሠርግ ስኳር እንደተወሰደ፣ ሁሉም አለ። ያቺን ለመሥሪያ ቤት አርባውን ሃያ ስድስት በል ያሉኝ ሴት እዚህ ላይ አንድም ቁጥር አላጎደሉም፣ አንድም አላበዙም።

ቅጠሉን እየገለጡ ሦስት ስም ላይ ደረሱና እስኪብርቶ ጠየቁኝ። ሦስቱንም ሰረዟቸው።

«ምነው እትዬ?»

«የእነዚህን ገብስ ሰሞኑን ውርጭ መታው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ምን ይከፍላሉ?»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትማ ይከፍላሉ። አምና ያላቸውንም፣ ዘንድሮ ያገኙትንም አውቃለሁ። እነሱም የእኔን ያውቃሉ።»

ባናውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና መብራቱን አጠፉ። ከታኅሣሥ መጨረሻ በኋላ ያለውን ሒሳብ አንድ የሰፈር ተማሪ ጻፈላቸው። እኔን ደግመው አልጠየቁኝም። ስንት ብሎ እንደጻፈም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።